ጅራቱ በብሎን ይታሰር፦ በጣና ዳር እንዲቆም ስለምንጠይቀው የዳይኖሰር ቅርጽ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የስፓይኖሶረስ ቅርጽ አሠራርን ይመለከታል

በሐይቁ ዳርቻ ልጆች የሚማሩበት፣ በእንስሳው ትክክለኛ ቁመትና ርዝመት የተሠራ የስፓይኖሶረስ ቅርጽ እንዲቆም ለቢሮው ሐሳብ እናቀርባለን። ሐሳቡ ተቀባይነት ካገኘ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የዚህ እንስሳ ገላ ምን ይመስል እንደነበር ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ በአርማታ የተሞላ ቅርጽ ደግሞ አይታረምም። በለንደን ክሪስታል ፓላስ በ1854 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቆሙት የኢጓኖዶን (የሌላ ዳይኖሰር) ቅርጾች የአውራ ጣታቸው አጥንት እንደ ቀንድ አፍንጫቸው ላይ ተተክሏል። በ1878 ቤልጅየም ውስጥ ሙሉ አጽሞች ሲገኙ ስሕተቱ ታወቀ። ቅርጾቹ ግን እስከ ዛሬ ከነቀንዳቸው አሉ።

ክርክሩ የሚመነጨው ከአጥንቱ እጥረት ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ስትሮመር በ1915 ስም ያወጣለት የመጀመሪያው ናሙና በግብጽ ባሕሪያ ተገኝቶ ሙኒክ ይቀመጥ ነበር፤ በ1944 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ወደመ፤ ሥዕሎቹና ፎቶግራፎቹ ብቻ ቀሩ። አሁን ዋናው መነሻ በ2014 ይፋ የሆነው፣ ከሞሮኮ ኬም ኬም የተገኘው ያልጎለመሰ እንስሳ አጽም ነው። ስለዚህ የትኛውም ሙሉ ቅርጽ መጠናቸው ከተለያየ እንስሶች የተወሰዱ አጥንቶችን አሳድጎና አሳንሶ የገጠመ ነው።

በ2014 የቀረበው ገላ የኋላ እግሮቹ እጅግ አጭር ስለሆኑ በአራት እግሩ ይሄድ ነበር ተባለ። ብዙዎች እግሩ ያጠረው በመጠን ስሌት ስሕተት ነው ብለው ተጠራጠሩ። ቦታው እንደገና ሲቆፈር ሌሎች አጥንቶች ወጡ፤ አንድም አጥንት ሳይደገም ከቀድሞዎቹ ጋር ስለገጠመ እግሩ በእርግጥ አጭር መሆኑን የሚጠራጠር አነሰ። በአራት እግር መሄዱ ግን ውድቅ ሊባል ደርሷል፤ የተመራማሪው የፖል ሴሬኖ ቡድን በ2022 ሥጋና ሳንባ ጨምሮ ሲያሰላ የክብደቱ ማዕከል ዳሌው ዘንድ ዋለ። ስለዚህ በሁለት እግሩ ይቁም። የእጆቹ መዳፎችም እርስ በርስ ይተያዩ፤ ወደ መሬት የዞረ መዳፍ በአብዛኛው የገበያ ቅርጽ ላይ የሚታይ ስሕተት ነው፤ የዚህ ወገን ዳይኖሰሮች ክንድ እንዲያ አይዞርም።

ጅራቱ ከሁሉም ያከራክራል። በ2020 የታተመው ጥናት አጥንቶቹ ከላይም ከታችም ረዝመው እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ጅራት እንደሚሠሩ አሳየ፤ ይህ መቅረት የለበትም። ጅራቱ መቅዘፊያ ስለመሰለ ግን እንስሳው ጠላቂ ነበር ማለት አይደለም። ተመራማሪው ዶናልድ ሄንደርሰን በ2018 ባሰላው መሠረት በውስጡ ያለው አየር አያሰምጠውም፤ ወደ ጎንም ይገለብጠዋል። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት በበኩሉ አጥንቱ እንደ ጉማሬ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን ይዞ በውሃ ውስጥ ያድን ነበር አለ፤ በ2024 ደግሞ የዚያ ጥናት ስታቲስቲክስ ተተቸ። በሴሬኖ ቡድን ስሌት ደግሞ የሚዋኝበት ፍጥነት በሰከንድ ከ1 ሜትር ያነሰ ነው። እኛ ዴቪድ ሆንና ቶማስ ሆልትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2021 ካቀረቡት ሐሳብ ጋር ነን፦ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆሞ አንገቱን እያጎነበሰ ዓሣ የሚያጠምድ እንስሳ።

ይህ አቋም ለግንበኛውም ይጠቅማል። 14 ሜትር የሚሆነው ቅርጽ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ከቆመ፣ የእግሮቹ ቧንቧና ሆዱ ሥር የሚገባው ሦስተኛ ምሰሶ አይታዩም። ውሃው ግን የሐይቁ መሆን የለበትም፤ የጣና ከፍታ በክረምትና በበጋ መካከል ከ1 ሜትር በላይ ይለዋወጣል፣ እምቦጩም እግሩን ይከባል። በዳርቻው ላይ የራሱ ገንዳ ይሠራለት። በገንዳው ደንገል አይተከል፣ የዚያ ዘመን ተክል አይደለም፤ ፈርን ይሻላል።

ጀርባው ላይ እንደ ጀልባ ሸራ የሚቆመው ክፍል (ሸራው) ሒሳብ ያስፈልገዋል። ሸራውን ከያዙት፣ ከጀርባው ወደ ላይ ከሚወጡት አጥንቶች ረጅሙ 1.65 ሜትር ነው። ሸራው 5 ካሬ ሜትር ቢሆን በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ወደ 150 ኪሎ ግራም ክብደት በሚሆን ኃይል ይገፋዋል፤ ያውም ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍታ ላይ። የውስጡ አጽም በፌሮ ብቻ ከተሠራ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ በዚንክ የተነከረ ቧንቧ ይሁን። ከዳሌ የሚወጣው ጅራትም ከ6 ሜትር በላይ ስለሚሆን ዘመም ማለቱ አይቀርም፤ ቧንቧው እስከ ጫፍ አካባቢ ይድረስ። ቆዳው 6 ሚሊ ሜትር ፋይበርግላስ ይበቃዋል። ከሆዱ ሥር የማፍሰሻ ቀዳዳ ካልተተወ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ብረቱን ይበላል።

ዋናው ጥያቄያችን ይኸው ነው፦ ራስ፣ ሸራ፣ ክንድና ጅራት ለየብቻ ተሠርተው በ20 ሚሊ ሜትር ብሎንና በወፍራም ላሜራ ይያያዙ፣ ብሎኖቹ የሚደረስባቸው ክዳን ይኑራቸው። ክንዱ ከዘመዶቹ የተዋሰ ነው፤ የሸራው ቅርጽ (መሐሉ ይጎድጉድ ወይስ ሙሉ ይሁን) አልተቋጨም። የቆዳው ቀለም ግምት ብቻ ነው። ጥናት ሲቀየር አንዱ ክፍል ብቻ ተፈትቶ ይቀየራል።

ሰሌዳው ላይም ይህ ይጻፍ፦ እንስሳው የኖረው ከ95 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው፣ አጥንቱም ከግብጽና ከሞሮኮ ወጥቷል። ስለ ዓባይ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ ይዘጋጅ፦ ባሕሪያ በዚያ ዘመን የባሕር ዳር ረግረግ ነበር፣ ዓባይ ደግሞ ገና አልተወለደም። የተገኘው አጥንት በአንድ ቀለም፣ የተገመተው በሌላ ቀለም በትንሽ ሥዕል ይታይ።

ክፍሎቹ የሚቀረጹባቸው ሻጋታዎች የቢሮው ንብረት ሆነው እንዲቀመጡ በውሉ ይጻፍ። ሠሪው ይዟቸው ከሄደ፣ በብሎን የታሰረው ጅራት ሲቀየር ሥራው ከባዶ ይጀመራል።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር የምንኖር የሥነ ሕይወት መምህራንና የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች