ችግኙ ለምን ዘገየ? ጀርባውስ ለምን ወይን ጠጅ መሰለ?

ይድረስ ለደንበኞቻችን
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ስልካችን ዕረፍት አላገኘም። ግማሹ "የጥቅል ጎመን ችግኜ የት ደረሰ?" ነው። የወሰዱት ደግሞ "የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ የታመመ ነው እንዴ የሸጣችሁልን?" ይላሉ። በየስልኩ ከምንደጋግመው ብለን ይህችን ጻፍን።

አልታመመም። ሆን ብለን ብርድ አስነክተነው ነው።

አምና እንዲህ አላደረግንም። ችግኙን ከላስቲክ ቤት አውጥተን በቀጥታ አስረከብን። ለምለም ነበር፣ ዓይን ያጠግባል። በሦስተኛው ሌሊት ውርጭ መታው። ጠዋት ማሳው ላይ ስንደርስ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ተኝቷል፤ በጣት ሲጫኑት ውሃ ይወጣዋል። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ብርድ የሚቋቋሙት ጂኖች (በዘር የሚወረሱ የሴል መመሪያዎች) ጎመኑ ውስጥ አሉ። ላስቲክ ቤት ሳለ ግን ተኝተዋል፤ የሚቀሰቅሳቸው ራሱ ብርዱ ነው። የሴሉ ሽፋን ስብ ነገር ስለሆነ፣ ሲበርደው ጠዋት እንደረጋ ቅቤ ግትር ይላል። ያኔ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ "በረደ" የሚለው መልእክት ይኼው ነው። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሲቢኤፍ የሚባሉ ጂኖች ይነሳሉ። እነዚህ አለቆች ናቸው፣ ሌሎቹን ያዛሉ። የመጀመሪያውን በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ያገኙትም አራቢዶፕሲስ በምትባል የጎመን ዘመድ ላይ ነው።

ትእዛዙ ፈጣን ነው፣ ሥራው ግን ቀናት ይፈጃል። ስኳር መጠራቀም አለበት፣ የሽፋኑም ስብ መለወጥ አለበት። የዘገየነው ለዚህ ነው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ውጭ እናሳድረዋለን። ወይን ጠጁ ቀለምም ብርዱ ያመጣው ነው፣ አንቶሲያኒን ይባላል።

ውሃም እንቀንስበታለን። ስስት አይደለም። ውርጭ ሲወርድ በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው ከሴሎቹ ውጭ ነው፤ ከዚያ የውስጡን ውሃ ይስባል። ስለዚህ ውርጭ የመታው ተክል የተጠማም ተክል ነው። ብርድ ከሚቀሰቅሳቸው ጂኖች ብዙዎቹን ድርቅም የሚቀሰቅሳቸው ለዚህ ነው።

"ታዲያ ወር ሙሉ ለምን አታቆዩትም?" ያሉን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የጥቅል ጎመን ግንድ እርሳስ ያህል ከወፈረ በኋላ ለሳምንታት ሌት ተቀን ከ10 ዲግሪ በታች ቢቆይ ክረምት ያለፈ ይመስለዋል (የፈረንጆቹን የበረዶ ክረምት ማለታችን ነው፣ የእኛን ሐምሌ አይደለም)። አበባን አፍኖ የያዘው ጂን ዝም ይላል። ከዚያ ጎመኑ ሳይጠቀለል ያብብላችኋል። ቀጭኑን ችግኝ የምንሰጣችሁ ሰስተን እንዳይመስላችሁ።

ቲማቲም የጠየቃችሁን፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሜዳ ላይ ለሚተከል አንሸጥም። ገንዘብ ጠልተን አይደለም። ቲማቲምም አለቆቹ ጂኖች አሏት፣ ሲበርዳትም ይነሳሉ፤ የሚያዟቸው ግን ጥቂት ናቸው። አሥር ቀን ውጭ ብናሳድራትም አትጠነክርም። ሸዋሮቢት መሬት ያለው ዘመድ ካላችሁ እዚያ ትተከል።

ችግኙን በወሰዳችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ ትከሉት። አደራ፣ ማድ ቤት ሙቀት ውስጥ አታቆዩት፤ በሳምንት የጠነከረው በጥቂት ሞቃት ቀናት ይላላል። ረባዳ ቦታም ይቅር፣ ብርዱ ሌሊት ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ያለ ምሽት ሲሆን ገለባ ጣል አድርጉበት። መጠንከር ማለት ምንም አይነካውም ማለት አይደለም፤ የከፋ ውርጭ የእኛንም ይመታል።

ቀሪው ትእዛዝ ከቅዳሜ ጀምሮ ይሰጣል። ባዶ ትሪዎቹን ይዛችሁልን ኑ፣ አልቀውብናል።

ከችግኝ ጣቢያችሁ