የሥነ ሕይወት ክበብ፦ ኮራል መጋቢዎቹ

ችግኝ በመትከል የሚታወቀው ክበባችን ዘንድሮ ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ። ባሕር በሌላት ድሬዳዋ ይህ ሊሆን የቻለው፣ በከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የተማሪ ወላጅ የሳሎናቸውን የጨው ውኃ አኳሪየም ቅዳሜ ቅዳሜ ስለፈቀዱልን ነው። ለትዕግሥታቸውም ለሻያቸውም እናመሰግናለን።

ብዙዎቹ ተማሪዎች በአኳሪየሙ ያለውን ኮራል መጀመሪያ ሲያዩት «ተክል ነው» አሉ። ኮራል ግን እንስሳ ነው። ብዙ ዝርያዎች በአካላቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራሉ፤ አልጌዎቹም በብርሃን አስተጻምሮ ከሚሠሩት ስኳር የኮራሉን የኃይል ፍላጎት እስከ 90 በመቶ ሊሸፍኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው መጋቢ መብራቱ ነው። ስኳር ብቻ ግን አካል አይገነባም፤ ኮራሉ ሲመሽ ቀጫጭን ክንዶቹን ዘርግቶ በሚናደፉ ሕዋሳቱ ፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን፣ ያድናል።

እኛ በፕላንክተን ፈንታ አርቴሚያ የተባለችውን ትንሽ የጨው ውኃ እንስሳ ፈለፈልን። እንቁላሉ አየር በሚነፋበት ሞቅ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል፤ የከተማችን ሙቀት እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው። እጮቹ ብርሃን ስለሚከተሉ በእጅ ባትሪ ብርሃን አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ። ስንቃቸውን ጨርሰው ሳይከሱ በሲሪንጅ ስቦ፣ ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ፣ ክንዶቹ ላይ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው።

ከሁሉ የከበደን ማነስ ያለበትን ማሳነስ ነበር። «በቃኝ» ያለ እንግዳ ሌላ ጉርሻ በሚጨመርለት አገር ያደጉ ልጆች፣ «በቃኝ» ማለት የማይችለውን ፍጥረት እንዴት ይተዉት? «መምህር፣ ይኼኛው እኮ አልደረሰውም!» ይሉኛል። ያልተበላው ምግብ ይበሰብሳል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ይጨምራሉ፤ መስታወቱን አረንጓዴ ይሸፍነዋል። ይህን ከእኔ ንግግር ይልቅ የናይትሬት መለኪያው ቀለም አስተማራቸው። ጉርሻው በእውነት የሚገባው ቱባስትሪያ ለተባለው ብርቱካናማ ኮራል ነው፤ አልጌ ስለሌለው የሚኖረው በሚያድነውና በሚሰጠው ምግብ ብቻ ነው። የክበቡ ሁሉ ወዳጅ እርሱ መሆኑ አያስደንቅም።

በሞቃቱ ወራት ሥራችን ምግብ ሳይሆን ሙቀት ሆነ። ውኃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲግል ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፣ የነጣውም ይራባል። የአየር ማራገቢያ ውኃውን እያተነነ ያቀዘቅዘዋል፤ ጨው ስለማይተን ግን የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያውን በባትሪ አስነስተናል።

በሚቀጥለው ዓመት የምግብ መጠንንና የናይትሬት ለውጥን በየሳምንቱ መዝግበን በግራፍ እናሳያለን። አዲስ አባላት ከ9ኛ ክፍል እንቀበላለን፤ ምዝገባው በቤተ ሙከራው ነው።