ለአብሮ አደጌ፣ ስለ አክስትሽ ቤት

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ዓመት ተጠፋፍተን መቆየታችን ከልቤ ያሳዝነኛል። አክስትሽን ነፍሳቸውን ይማር። እዚህ ሎስ አንጀለስ ተዝካራቸው ላይ ከወንድምሽ ጋር ተገናኝተን ብዙ አወራን። ቤታቸውን በትረስት፣ ማለትም አስተዳዳሪ ለተጠቃሚዎች በአደራ እንዲይዘው አድርገው እንዳስቀመጡት፣ ኪራዩም በየዓመቱ ለሁለታችሁ እንደሚከፋፈል ነገረኝ። ደስ አለኝ። ግን «እሷ ታክስ ለቨርጂኒያ ብቻ ነው የምትሞላው» ሲለኝ አላስችል አለኝ። ታክስ መሙላት እንጀራዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የቤት ኪራይ ታክስ መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ ባለበት ስቴት ነው። አንቺ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ብትኖሪም፣ ገንዘቡ በትረስት በኩል ቢደርስሽም፣ ቤቱ ያለው ካሊፎርኒያ ነው። ስለዚህ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላው 540ኤንአር የሚባል ቅጽ አለብሽ። ትረስቱን የሚያስተዳድረው ሰው በየዓመቱ ኬ-1 የሚባል የገቢ ድርሻሽ የተጻፈበት ወረቀት ይልክልሻል፤ አንዱ የፌደራል ነው፣ ሌላው የካሊፎርኒያ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እንደ ትርፍ ወረቀት ያስቀምጠዋል። ላንቺ ግን ዋናው እሱ ነው። ትረስቱ የባንክ ወለድ ወይም ዲቪደንድ (የአክሲዮን ትርፍ) ከከፈለሽ እሱ በአብዛኛው ካሊፎርኒያን አይመለከትም፤ የሚታሰበው በምትኖሪበት በቨርጂኒያ ነው።

ሁለቴ ልከፍል ነው ብለሽ አትደንግጪ። ቨርጂኒያ የነዋሪዋን ገቢ ከየትም ይምጣ ሙሉውን ታስባለች፣ እውነት ነው። በአብዛኛው ሌላ ስቴት የተከፈለውን ታክስ የሚያቀናንስልሽ የምትኖሪበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ ብትኖሪ ኖሮ ሜሪላንድ ላይ ትጠይቂ ነበር። የቨርጂኒያና የካሊፎርኒያ ግን ተገላቢጦሽ ነው! ቅናሹን የምትሰጥሽ ካሊፎርኒያ ናት። ይህን የማያውቅ ሰው ቨርጂኒያ ላይ ይጠይቅልሽና ውድቅ ይሆንብሻል። ስለዚህ መጀመሪያ የቨርጂኒያውን አሠሪ። ከዚያ ቅናሹ የሚጠየቅበትን ሼጁል ኤስ የሚባል ቅጽ ሞልተሽ የቨርጂኒያውን ኮፒ ከ540ኤንአሩ ጋር አያይዢ። የቨርጂኒያ ቀን ሜይ 1 ነው፣ የካሊፎርኒያ ግን ኤፕሪል 15። ቨርጂኒያ ጊዜ አላት ብለሽ እንዳታዘገዪው አደራ።

ወንድምሽ በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትረስት ታክስ ጉዳይ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ላይ እንደፈረደባት ሰምቶ በዚያ ተጽናንቷል። ፍርዱ እውነት ነው። ግን እዚያ ተጠቃሚዎቹ ገንዘቡን አልተቀበሉም፣ ስጡን ብለው የማስገደድ መብትም አልነበራቸውም። ስቴቷ ልታስከፍል የፈለገችው እዚያ ስለሚኖሩ ብቻ ነበር። እናንተ ኪራዩን እየተቀበላችሁ ነው፣ ቤቱም ካሊፎርኒያ ቆሟል። ያ ፍርድ ለእናንተ አይሆንም፤ እባክሽ ለእሱም ንገሪው።

ሌላም ነገር አለ። ነዋሪ ላልሆነ ተጠቃሚ የሚከፈለው የካሊፎርኒያ ገቢ በዓመት ከ1,500 ዶላር ካለፈ፣ ትረስቱ 7 በመቶ ቀንሶ ለስቴቷ ማስገባት ይጠበቅበታል። ከኬ-1 ጋር 592-ቢ የሚል ወረቀት ከመጣልሽ ተቆርጦብሻል ማለት ነው። ከሚገባሽ በላይ የተቆረጠውን የምታስመልሺው ቅጹን ስትሞዪ ብቻ ነው፤ መጠየቂያውም ጊዜ አለው፣ በአብዛኛው 4 ዓመት። ያልተሞላ ዓመት ደግሞ ስንት ጊዜ ቢያልፈው አይዘጋም። ካሊፎርኒያ መቼም ቢሆን ልትጠይቅሽ ትችላለች። አክስትሽ ለፍተው ያቆዩልሽ ገንዘብ በቅጣትና በወለድ ሲያልቅ ማየት አልፈልግም።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ትረስቱ ከጀመረበት ዓመት አንስቶ የደረሱሽን ኬ-1ዎች በሙሉ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። 592-ቢ ካለም ጨምሪ። የጎደለ ዓመት ካለ አስተዳዳሪውን በጽሑፍ ጠይቂ። ክፍያ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። ስልኬ አልተቀየረም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። ስለ ታክሱ ብቻ ሳይሆን ስላንቺም ሁሉንም መስማት እፈልጋለሁና ጊዜ ይዘሽ ደውይልኝ።

አብሮ አደግሽ