ቀመሩ ሳይጸድቅ ኮዱ አይጻፍ፦ ስለ ልጅ ቀለብ ማስሊያ ሶፍትዌር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የቀለብ ሥሌት ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት መወሰን ያለባቸውን ነጥቦች ይመለከታል።

ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ከጀመሩ የልጅ ቀለብ ሥሌትም ተራው መድረሱ አይቀርም። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ የአባትና የእናት ገቢ፣ የልጆች ቁጥር ይገባል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ብሩ ይወጣል። ይህን የምንጽፈው ቅለቱ ስላሰጋን ነው።

የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም ሆነ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለቀለብ መቶኛ አላስቀመጡም። ልኩ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው፤ ሚዛኑን የሚይዘው ዳኛው ነው። ፕሮግራም ግን ያለ ቁጥር አይሠራም። ቁጥሩን ፍርድ ቤቱ ካልሰጠው ኮድ ጸሐፊው ከራሱ ያስገባል፤ ያኔ ማንም ያላወጀው ሕግ ችሎት ገብቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሶፍትዌሩን ቀድመው የተጠቀሙ አገሮች መጀመሪያ ያጸደቁት መመሪያውን ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት መነሻ ለአንድ ልጅ ከከፋዩ ገቢ 17 በመቶ፣ ለሁለት 25፣ ለሦስት 29 ነው። ሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያውን ያህል አይጨምርም፤ ቤቱም ድስቱም አንድ ነውና። በካሊፎርኒያ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚጠቀመው ማስሊያ የግዛቱ የዳኝነት ምክር ቤት ያወጣውን መስፈርት ማሟላት አለበት። መቶኛዎቹን ገልብጦ ማምጣት አይበጅም። 3,000 ብር ከሚያገኝ ሰው ላይ 17 በመቶ 510 ብር ነው፤ በ510 ብር ባሕር ዳር ላይ ልጅ ወሩን አይዘልቅም። ከእነሱ የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ያልተጣራ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ እንውሰድ። በ2017 በተሻሻለው የግብር ማስከፈያ ልክ የገቢ ግብሩ 2,250 ብር ነው፤ 7 በመቶ ጡረታው 840 ብር። እጁ የሚገባው 8,910 ብር ይሆናል። ለቀለብ ስንት ሊቆረጥበት ይችላል? ሲሶው ካልተጣራው ከተሰላ 4,000 ብር ነው። ከተጣራው ከተሰላ 2,970። “በድምሩ” የሚለው ቃል ግብሩንና ጡረታውንም ይጨምራል ከተባለ ደግሞ ከ4,000ው ላይ 3,090 አስቀድሞ ስለተያዘ የሚቀረው 910 ብር ብቻ ነው። አንቀጹ አንድ፣ ደመወዙ አንድ፣ መልሱ ሦስት። በ4,000 እና በ910 መካከል ያለው ልዩነት የልጁ የቤት ኪራይና ምግብ ነው፤ የትኛው ንባብ እንደሚሠራ መወሰን ያለበትም ችሎት እንጂ ፕሮግራመር አይደለም። ሰውየው ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድሮ በየወሩ የሚቆረጥበት ካለ ጥያቄው ይከርራል፦ ሲሶውን ማን ይቅደም፣ ብድሩ ወይስ ቀለቡ?

እዚሁ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሲሶው የቅነሳው ጣሪያ እንጂ የግዴታው ጣሪያ አይደለም። ዳኛው 3,500 ብር ቢወስንና ከደመወዝ ሊቆረጥ የሚችለው 2,970 ቢሆን፣ ቀሪው 530 ብር ዕዳ ሆኖ በአፈጻጸም መዝገብ ይቆያል። ሁለቱን ቁጥር በአንድ ሳጥን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም 530ውን በየወሩ በዝምታ ይሰርዘዋል።

የግብር ሰንጠረዡም ቀን ሊኖረው ይገባል። ከማሻሻያው በፊት በነበረው ልክ የዚሁ ሰው ግብር 2,700 ብር ነበር። አሮጌው ሰንጠረዥ ኮዱ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ የሰውየው አቅም በየወሩ በ450 ብር አንሶ ይታያል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ከተጻፈበት ደግሞ የ2016 ውዝፍ በ2018 ልክ ይሰላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ልክ “ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን” የሚል ዓምድ ይኑረው፤ የቆየ ልክ ፈጽሞ አይሰረዝ።

ደመወዝተኛው እንኳ ይህን ያህል ካወዛገበ ደመወዝ የሌለውስ? የጣና ዓሣ አስጋሪ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የፎገራ ሩዝ አምራች “የወር ገቢ” የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ቅጽ ፊት ሲቀርቡ የሚሞላው ቁጥር ችሎቱ የዋለበት ወር ቁጥር ነው። ዓሣ አስጋሪው በዐቢይ ጾም ቢጠየቅ፣ ገዢው በበዛበት ሰሞን፣ አንድ ይላል፤ በሐምሌ ቢጠየቅ ሌላ። እንበልና ወጪውን ችሎ በአራት ወር በየወሩ 14,000፣ በስምንቱ 5,000 ብር ያገኛል። የዓመቱ 96,000 ነው፤ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 8,000። በመጋቢት የቀረበ መዝገብ በ14,000 ከተሰላ ክረምት ላይ ውዝፍ ይቆለላል፤ በሐምሌ የቀረበው በ5,000 ከተሰላ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ይጎዳል። ስለዚህ ቅጹ የደህናውን ወር ገቢ፣ የደካማውን ወር ገቢና የየራሳቸውን የወር ብዛት ይጠይቅ። የመረብ፣ የነዳጅና የጀልባ ባለቤት ድርሻ ለየብቻ ይጻፍ፤ “ወጪ” ተብሎ በጅምላ ከገባ የቤት ወጪም አብሮ ይገባል። ለሩዝ አምራቹ ወርኃዊ ክፍያ ራሱ ላይስማማ ይችላልና ፕሮግራሙ ከምርት በኋላ በሁለት ጊዜ የሚከፈል መርሐ ግብርም ማውጣት ይቻል።

ብዙ የውጭ ፕሮግራሞች ልጅ ወይ እናት ጋ ወይ አባት ጋ ነው ብለው ይነሳሉ፤ በብሪታንያ ልጁ ከፋዩ ዘንድ በዓመት 52 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሲያድር ክፍያው ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ልጅ አያት ጋ ያድጋል፣ አክስት ጋ ይማራል። ሦስተኛ ዓምድ ከሌለ ሬጅስትራሩ አያቲቱን “እናት” ብሎ ይመዘግባል፤ ገቢዋም በእናት ቦታ ተቆጥሮ ከልጁ ቀለብ ይቀነሳል። እናትም አባትም ከፋይ የሚሆኑበት፣ ገንዘቡ ለአሳዳጊው የሚደርስበት መንገድ ከመነሻው ይሠራ።

ጳጉሜን ትንሽ ነገር ትመስላለች። ቀን ቆጣሪው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሠራና ስክሪኑ ላይ ብቻ ወደ እኛ ከተለወጠ “በየወሩ በ30” የሚል ትዕዛዝ በአንዳንድ ወር ቀኑ ይዛነፋል፤ አሥራ ሦስት ወር የሚቆጥር ፕሮግራም ደግሞ ለአምስት ቀን የሙሉ ወር ቀለብ ያስከፍላል። መመሪያው “አሥራ ሁለት ክፍያ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር” ብሎ በአንድ መስመር ይዝጋው። የትምህርት ቤት ምዝገባና ዩኒፎርም መስከረም ላይ ስለሚወድቅ ያ ወጪ በወሩ ቀለብ ውስጥ ተበትኖ ከሚቀልጥ ለብቻው ተጨማሪ ክፍያ ቢሆን ይሻላል እንላለን።

“ለሦስት ልጆች 4,500 ብር” የሚል ውሳኔ ሌላ ጣጣ አለው። ትልቁ 18 ሲሞላው ከፋዩ ለሦስት አካፍሎ 1,500 ብር በገዛ እጁ ያቆማል፤ አፈጻጸም ክፍል ያለው መዝገብ ግን አሁንም 4,500 ይላል። ወጪው በልጅ ቁጥር እኩል እንደማይካፈል ከላይ አይተናል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ለሦስት፣ ለሁለት፣ ለአንድ ልጅ የሚከፈለውን በአንድ ጊዜ አስልቶ፣ የሚለወጥበትን ቀን ጭምር በውሳኔው ረቂቅ ላይ ያስፍር። በሁለት እናት የተወለዱ ልጆች ሲኖሩም በቀደመ መዝገብ የሄደው ቀለብ የኋለኛውን ልጅ ድርሻ እንዳይውጠው ሁለቱ መዝገቦች አብረው የሚሰሉበት አሠራር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የምንጠይቀው የሥሌት ወረቀቱን ነው። ፕሮግራሙ መጨረሻውን ብር ብቻ አያሳይ፤ የገባውን ገቢና ማስረጃውን፣ የተቀነሰውን፣ የተጠቀመበትን ልክና ቀኑን፣ እያንዳንዱን ማካፈልና ማባዛት በአማርኛ በአንድ ገጽ ያትም። ገጹ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ፣ ለሁለቱም ወገን ይሰጥ። ይግባኝ ባይ “ሦስተኛው መስመር ላይ ስህተት አለ” ማለት ካልቻለ የይግባኝ መብቱ ባዶ ነው። ዳኛው ከሥሌቱ ወጣ ብሎ መወሰን ሲፈልግ ምክንያቱን የሚጽፍበት ሳጥን ይኑር። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው መንገድ ይኸው ነው፦ የመመሪያው ቁጥር ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል፣ በጽሑፍ ምክንያት ግን ይሻራል።

የቆዩ ውሳኔዎችን በሚመለከት ከብሪታንያ አንድ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ ቀመርና አዲስ ኮምፒውተር አብረው ተጀመሩ፤ የቆዩት መዝገቦች ወደ አዲሱ መዛወር ሳይችሉ ቀርተው ሁለት ቀመር ጎን ለጎን ለዓመታት ሠራ፣ የአንድ ሰፈር ሁለት ቤተሰቦች በተለያየ ሕግ ከፈሉ። እዚህ የቆየ ውሳኔ በሶፍትዌር አይነካ፤ ማሻሻያ የጠየቀ ወገን ሲኖር ብቻ በአዲሱ ይሰላ።

ከግዢ ወይም ከጨረታ በፊት ስም የተፋቀባቸው ሃምሳ ያለቁ የቀለብ መዝገቦች ይመረጡ፤ ከባሕር ዳር፣ ከፎገራ፣ ከደሴቶቹም ጭምር። ሦስት ዳኞች እያንዳንዱን በእጅ ያስሉ፤ የሚለያዩበት መስመር መመሪያው ያልዘጋው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ተደፍኖ መመሪያው ከጸደቀ በኋላ እነዚያው ሃምሳ መዝገቦች የሶፍትዌሩ መፈተኛ ይሁኑ፤ በአንዷ ብር እንኳ ከተለየ ርክክብ አይፈጸም።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር የምንሠራ የሕግና የሶፍትዌር ባለሙያዎች