ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አሮጌዋ ጀልባሽ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቂው ነው። እናትሽ ጋቢዋን ሳትጥል ግንቦት ገባ።

ጀልባ ገዛሁ ያልሽኝ ቀን ስልኩን ጆሮሽ ላይ መዝጋቴን አልረሳሁትም። ይቅር በይኝ። ያናደደኝ ባሕሩ ብቻ አልነበረም። በፈረንጅ 1983 የተሠራች ናት ስትይኝ ነው ደሜ የፈላው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ስለ አሮጌ ዕቃ ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። አሮጌ መኪና የገዛ ጋራዥ አገባ እላችሁ አልነበር?

አሁን ሐሳቤን በግማሽ ቀይሬያለሁ። ያስቀየረችኝ አንዲት የ23 ዓመት ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህትሽ ልጅ ያን የሸራ ጀልባ ውድድር ስልኩ ላይ ከፈተልኝ። ቬንዴ ግሎብ ይሉታል። እዚያው አንቺ ያለሽበት ፈረንሳይ ሌ ሳብል ዶሎን ከሚባል ከተማ ተነስቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ እዚያው መመለስ ነው። ብቻን። ወደብ ላይ ሳይቆሙ፣ ከሰው እጅ አንዲት ብሎን እንኳ ሳይቀበሉ። መንገዱ 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለኝ። እኔም በራሴ ሒሳብ መታሁት፤ ከዚህ አሰብ ድረስ ወደ 30 ደርሶ መልስ ይሆናል። ያውም ያለ ረዳት። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላል የኛ ሰው። ተረቱን ያወጣው ሰው እነዚህን አላየም።

ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. አርባ ሰዎች ተነሱ። ማታ ማታ ከራት በኋላ ካርታውን ማየት ልማድ ሆነብን። ሻርሊ ዳላን የሚባለው በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ገባ። ጥምቀት ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 74 ቀን ነበር። ጎበዝ ነው፤ አዲስ ጀልባ ነበረው፤ ይግባ። የእኔ ዓይን ግን የነበረው ከኋላ ባለችው ልጅ ላይ ነው።

ስሟ ቪዮሌት ዶራንዥ ነው። በዚህ ውድድር ታሪክ እንደሷ ወጣት ተሳታፊ የለም። ጀልባዋ ግን አሮጌ ነው፤ በፈረንጅ 2007 የተሠራ። ይሄን ጊዜ ነው ጆሮዬ የቆመው። ያ ጀልባ መጀመሪያ የሚሼል ዴዧዮ ነበር። ሰውየው በፈረንጅ 2008 ውድድር ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ የኤሌክትሪክ ብልሽት ገጠመው። ወደ መነሻው ወደብ ተመለሰ (መጀመሪያ ላይ ይሄ ብቻ ይፈቀዳል)፣ ጠገነ፣ 40 ሰዓት ያህል ዘግይቶ እንደገና ተነሳ። አንደኛ ወጣ! ቆይቶ ጀልባው ዣን ለ ካም ለሚባል አንጋፋ ደረሰ። በፈረንጅ 2020 ኬቨን ኤስኮፊየ የሚባል ተወዳዳሪ ከደቡብ አፍሪካ በታች ሲሄድ ማዕበል ጀልባውን ለሁለት አጠፈው። ሰውየው በጎማ መንሳፈፊያ ላይ 11 ሰዓት ያህል ቆየ። በጨለማ ፈልጎ ያገኘው ለ ካም ነው። በምን? በዚያው ጀልባ።

ደግሞ ለ ካምም ቢሆን በፈረንጅ 2009 ኬፕ ሆርን በሚባለው የደቡብ አሜሪካ ጫፍ አጠገብ ተገልብጦ ነበር። ያኔ ያወጣው ቬንሳን ሪዩ የሚባል ሌላ ተወዳዳሪ ነው። ሪዩ እሱን ሲያወጣ የራሱ ጀልባ ተጎድቶ፣ ኋላ የሸራው ምሰሶ ወደቀ። የሪዩን ጀልባ ያሠራው ድርጅትና የኤስኮፊየን ጀልባ ያሠራው ድርጅት ደግሞ አንድ ነው። ብድር በምድር እንላለን። ይሄኛው ብድር በባሕር ነው።

ልጅቷ የካቲት 2 ገባች። 90 ቀን። እናትሽ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

እንግዲህ አሮጌ ነው ብዬ መስደቤን ትቻለሁ። ያዥው። ግን አሮጌ ዕቃ የሚኖረው በባለቤቱ እጅ ነው፤ ይሄን ለሾፌር አትንገሪ። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ሽቦዎች መቼ እንደተቀየሩ የሸጠልሽን ሰው ጠይቂው። ካላወቀ አልተቀየሩም ማለት ነው። ሽቦ እንደ ጎማ ነው። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ያልቅበታል። ደግሞ ለዕቃ ማጠቢያና ለሽንት ቤት ተብሎ ከሆዷ ሥር የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ ብለሽኛል። ቧንቧዎቻቸውን በየጊዜው ክፈቺ፣ ዝጊ፤ ዝገት እንዳይነክሳቸው። በየቀዳዳው ልክ የእንጨት ውታፍ አስጠርቢና እዚያው አጠገቡ እሰሪው። ቧንቧው ሲሰበር ውታፍ ፍለጋ ሳጥን የምትበረብሪበት ጊዜ የለም።

ጋዙንም አትርሺ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። እቤት ቢያፈስ በር ከፍተሽ ታወጪዋለሽ። ጀልባ ግን እንደ ገበቴ ነው፤ ከታች ተኝቶ ክብሪት ይጠብቅሻል። ቡናሽን አፍልተሽ ስትጨርሺ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ ዝጊው።

የወደቡ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ በየዓመቱ ከውሃ አውጥቶ ሆዷን መፋቅና መቀባቱ... ስለ ገንዘቡ አልናገርም። መኪናም ቦሎ አለው። ባልሽ ያስብበት።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። እንቅልፍ ነው። እነዚያ ተወዳዳሪዎች ሃያ ደቂቃ፣ ግፋ ቢል አንድ ሰዓት እየቆራረጡ ነው የሚተኙት። ሌላ መርከብ ሲቃረብ የሚጮህ መሣሪያ አላቸው። እኔ ረዳት ነበረኝ። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ሌሊት ተነስቼ ሸዋ ሮቢት ምሳ በላሁ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ወዲያው ተነሳሁ። ትንሽ እንደሄድኩ መንገዱ ጠፋኝ። ረዳቴ መሪውን ይዞ ጮኸ። ስነቃ የፊት ጎማው ከአስፋልት ወጥቷል። ይሄን ለእናትሽ እስካሁን አልነገርኳትም። ደብዳቤውን ስታነብ ትሰማለች እንግዲህ። አንቺ ባልሽ ሥራ ሲበዛበት ብቻሽን እንደምትወጪ ሰምቻለሁ። ደክሞሽ ከሆነ አትውጪ። ባሕሩ ነገም አለ።

ነፋስ ሲጨምር ሸራ የሚቀነሰው ቀድሞ ነው። ጣርማ በር ከዋሻው ወጥተሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ማርሽ የሚቀነሰው ከላይ ነው። ቁልቁለቱ መሃል ደርሶ ፍሬን የረገጠ ሰው ሬሳ ገደል ውስጥ አይቻለሁ። «ልቀንስ ይሆን?» ብለሽ ካሰብሽ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው።

ዋና እችላለሁ አልሽኝ። እሺ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ግን ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሳይወድ ውሃ ይምጋል። ዋናተኛም ቢሆን። ብቻሽን ስትሆኚ ደግሞ ጀልባዋ ሸራዋን ወጥራ ትታሽ ትሄዳለች። ማን ይመልስልሻል? ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን የሚነፋ ጃኬት ከወደብ ሳትወጪ ልበሽ። ውስጡ ያለችው የጋዝ ብልቃጥ ጠብቃ መታሰሯን በእጅሽ አረጋግጪ። የደረቱን ገመድም ከጀልባዋ ጋር አያይዢው።

ገመድ ስልሽ አያትሽ ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሆኜ በክረምት የበሬሳን ወንዝ ልንሻገር መጣን። ውሃው ጉልበት አይደርስም፣ ያምራል፣ ይስቃል። እኔ ልሮጥ ስል አያትሽ ጭነት የሚያስሩበትን ጠፍር ወገቤ ላይ አዞሩብኝ። አፈርኩ፤ ጓደኞቼ ያዩኛላ። መሃል ላይ ስንደርስ እግሬ ከድንጋይ ተንሸራተተ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጠፍሩ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እሱ ነው። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ልጆች ሆናችሁ ትርፍ አንጀት መስሏችሁ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በአሰብ መንገድ ስሠራ ስልክ እንደ ዛሬ አልነበረም። ቢሆንም ከሚመለስ ሾፌር ጋር መልእክት እልክ ነበር፤ ዛሬ ኮምቦልቻ አድራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ እያልኩ። እናትሽ ቀኑን ትቆጥራለች። አንቺም ስትወጪ በየት እንደምትሄጂና በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ጻፊልኝ። ስትደርሺ ደውዪ። እንግሊዝ ቻናል የሚሉትን ባሕር መሻገር ይሁን ደሴት ዞሮ መምጣት፣ ለኔ ለውጥ የለውም።

በሬዲዮው ቻናል 16፣ በስልክ ደግሞ 196 የባሕር አዳኞች ይመጣሉ ብለሽኛል። ጥሩ። ግን 196 ከደብረ ብርሃን አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። ከውጭ አገር የሚደወልበትን ሙሉውን ቁጥር ላኪልኝ። በትልቁ ጽፈሽ፤ መነጽሬ ተሰብሯል።

እናትሽ በሶ ልካልሻለች። የመንዝ ገብስ ነው፣ ራሷ ቆልታ አስፈጭታዋለች። እሳት ሳትነኪ በውሃ በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ። ጀልባዋ ላይ አስቀምጪው፣ በላስቲክ ግን በደንብ ጠቅልይው፤ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል።

አባትሽ