ለባዶ ወንበር የተከፈለ ብር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኮሮና ጊዜ ክልከላ ወሬ ሲነሳ ዛሬም ድረስ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ሕጉ ጥሩ ነበር፣ ሕዝቡ ነው አልሰማም ያለው።» ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር የሆነውን በብርና በሰዓት ቁጭ ብሎ ላሰላ ሰው ግን ይህ ፍርድ አይዋጥም። ሕዝቡ ሰምቷል፣ ከኪሱም ከፍሏል። ሳይሠራ የቀረው የደንቡ ሒሳብ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ያው ደንብ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ እንዳይወጣ፣ ስህተቱ የት የት ላይ እንደነበር በዝርዝር መነገር አለበት።

የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ታወጀ፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 466/2012 ተከተለ። ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ መጨባበጥን ከለከለ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛን ግዴታ አደረገ፣ የሕዝብ ማመላለሻም ከወንበሩ ከግማሽ በላይ እንዳይጭን አዘዘ። ችግሩ የጀመረው እዚህ የመጨረሻዋ ላይ ነው። ግማሽ ሲጫን የሚጎድለውን ለማካካስ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ እጥፉም እንዳለ በሹፌሩና በረዳቱ እጅ ገባ።

12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ እንውሰድ። ለስሌት እንዲመች መደበኛው ታሪፍ 100 ብር ነው እንበል። ሙሉ ጭኖ 1,200 ብር ያገኝ ነበር። በክልከላው 6 ሰው በ200 ብር፣ ያው 1,200 ብር። ባለንብረቱ አልከሰረም፤ ሸክሙ በሙሉ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። መኪናው የመውጫ ወረቀቱን አስመትቶ፣ ተራ አስከባሪው 6 ሰው ቆጥሮ ከመናኸሪያው በር ይወጣል። ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ሰው ተደርድሮ ቆሟል። ረዳቱ በሩን ይከፍታል። ነዳጁም የባለንብረቱ ገቢም ቀድሞ በስድስቱ ተሸፍኗልና ከዚያ በኋላ የሚገባ እያንዳንዱ ሰው 200 ብር ንጹህ ትርፍ ነው። አራት ቢጨመር 800፣ ሙሉ ሲሞላ 1,200። ከክልከላው በፊት ትርፍ ካልጫነ ከ1,200 ብር ማለፍ የማይችል መኪና፣ ክልከላው ሲወጣ በአንድ ጉዞ 2,400 ብር የሚያስገባበት መንገድ ተከፈተለት። ድሮ አንድ ትርፍ ሰው 100 ብር ነበር፣ አሁን 200 ሆነ። ደንቡ ትርፍ መጫንን ከለከለ፤ ታሪፉ ደግሞ ለዚያው ሥራ ሽልማቱን እጥፍ አደረገ። ተሳፋሪው አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር በገንዘቡ ገዝቶ ሳለ ሌላ ሰው መጥቶ ተቀመጠበት። ቢናገር «ውረድ» ይባላል፤ ዝም ቢል የከፈለው ጥበቃ የለም።

ዳር የቆመው ሰውስ ለምን ቆመ? የጭነት ልክ በግማሽ ሲቀነስ ያንኑ ሕዝብ ለማድረስ የጉዞው ቁጥር እጥፍ መሆን አለበት። መኪናም ሹፌርም አልተጨመረም። ስለዚህ ከመናኸሪያው ቲኬት ያጣው ግማሹ ሰው፣ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው፣ ነፍሰ ጡር፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ መንገድ ላይ ቀረ። ሚኒባስ ካጣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፈረ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ቋራ የሚወርደው የጎጃም ወጣትማ ገና ከጅምሩ በዚያው ነበር የሚሄደው። ወንበር ላይ ያለውን ሰው ስንቆጥር ጭነት ላይ ያለውን ማንም አልቆጠረም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ቲኬት በመስኮት ይቆረጥ፤ መደበኛው 100 ብር መኪናው ሲወጣ ለባለንብረቱ ይሰጥ፤ የማካካሻው 100 ብር በመናኸሪያው ይያዝ። መኪናው መድረሻው ላይ በመውጫ ወረቀቱ መሠረት ሰው ተቆጥሮለት ማኅተም ሲያርፍበት ቀሪው ይከፈለው። ትርፍ ከተገኘበት የተያዘው ብር ለተሳፋሪው ይመለስ። በ2012 ይህን በስልክ መፈጸም ከባድ ነበር ይባል ይሆናል፤ ቴሌብር የጀመረው በግንቦት 2013 ነውና። አሁን ግን ምክንያት የለም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ ላይ ሰው እያወረደ እየጫነ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ ብቻ ከተቆጠረ መካከል ላይ የተጫነው ትርፍ ወርዶ ይጠብቃል። ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ለየከተማው አንድ አንድ መስመር ይኑረው፤ የወረደና የተሳፈረ በቁጥር ይጻፍ፣ በየከተማው ያለው የስምሪት ሠራተኛ ይፈርም። ቆጠራው በሚታይ ቦታ ከተደረገ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመናኸሪያው ቀጥሎ የሚመጣው ኬላው ነው። «ኬላ ደረስን፣ ማስክ አድርጉ!» ሲባል አገጭ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ላይ ይሳብ ነበር፣ ካለፉ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ሙቀት መለኪያውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ግንባር ላይ የሚደገነው መሣሪያ፣ ብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ርቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ከራቀ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ላብ ያለበት ግንባር ቀዝቅዞ ይነበባል፣ ፀሐይ ሲመታው የቆየ ግንባር ደግሞ ከፍ ይላል። ከአባይ በረሃ ሙቀት ወጥቶ ደጀን አፋፍ የደረሰን ሰው ወዲያው መለካት ትርጉም የለውም፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጥላ ሥር አርፎ፣ ላቡን ጠርጎ ነው የሚለካው። ያም ሆኖ ሕመም ሳይሰማው የሚያስተላልፍ ሰው በዚህ አይያዝም፣ ፓራሲታሞል የዋጠም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ግን አሰላለፉ ነበር። ሁለት ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ወርዶ በአንድ መሣሪያ ፊት ተጨናንቆ ይሰለፋል። መኪና ውስጥ ያልተገናኙ ሰዎች እዚያ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ልኬት የግድ ከሆነ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ባለሙያው በበሩ ገብቶ በሌላው ቢወጣ ይሻል ነበር።

ወደ ከተሞቹ እንምጣ። መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች መገኘታቸው ሲነገር ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን ተዘጉ። ካርታ ለሚያውቅ ሰው ሦስቱ የአዊ ዞን ከተሞች በአንድ አስፋልት ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ናቸው፤ ከቡሬ ወጥቶ ቲሊሊ፣ ቀጥሎ እንጅባራ፣ ከዚያ አዲስ ቅዳም። እነሱ ሲዘጉ የደብረ ማርቆስ–ባሕር ዳር መንገድ ወገቡ ተያዘ፣ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒና ግልገል በለስ የሚታጠፈውም አብሮ። በሞጣ በኩል መዞር ይቻላል፤ የሞጣው መንገድ ግን ለአዊ ገበሬ አይጠቅመውም።

አዲስ ቅዳም ስሟም ሕይወቷም ገበያ ነው። ለእሷ 14 ቀን ሁለት ቅዳሜ ነው። የወረዳዋ፣ የፋግታ ለኮማ፣ ገበሬ ማሳው ላይ የሚተክለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ከ4 እስከ 6 ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፣ ይከሰላል፣ ከሰሉም በጭነት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከሰል ሁለት ሳምንት ቢቆይ አይበሰብስም፤ የተቆፈረ ድንች ግን ፀሐይና ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ያኔ የሚበላም የሚሸጥም አይደለም። ገበሬው ቅዳሜ ሽጦ ነው ቅዳሜ ጨውና ዘይት የሚገዛው። ደግሞም ጎተራ ውስጥ እህል ያለው ቤት ዱቄት አለው ማለት አይደለም፤ ወፍጮ ቤት ከተዘጋ ጤፍም ሆነ በቆሎ ባለበት ይቀራል። ክልከላው ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ ይሮጣል፤ ይከለከላል የተባለው መጨናነቅ በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት ይፈጸማል።

ገበያን ከመዝጋት መከፋፈል ይሻላል። ከብቱ በአንድ ቀን፣ እህሉ በሌላ ቀን፣ ድንችና ሽንኩርቱ በሦስተኛው፤ ቀበሌዎችም በየተራ። ሜዳው ላይ በኖራ ወይም በአመድ በየ2 ሜትሩ መስመር ይሰመር፣ ሻጭ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ ይቀመጥ፣ መግቢያና መውጫው ይለይ። ወፍጮ ቤት ሰው ጆንያውን ስም ጽፎበት ትቶ ይሂድ፣ በቀጠሮ ሰዓት ተመልሶ ይውሰድ፤ ሰልፍ የሚያስፈልገው እህል እንጂ ሰው አይደለም። «እጃችሁን ታጠቡ» ከተባለም ውኃው ይቆጠር። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 8 ጊዜ፣ በቁጥብነት በግማሽ ሊትር ቢታጠብ 24 ሊትር ነው፤ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ። ያን ተጨማሪ ጀሪካን ከቦኖ የምታመጣው እናት ወይም ልጅ፣ ለእሱ ስትል ተጨማሪ ሰልፍ ውስጥ ትቆማለች።

ለይቶ ማቆያ ላይ የነበረው ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ቀን የሚቆጠረው በሰው ነበር፣ መቆጠር የነበረበት በክፍል ነው። 14ቱ ቀን የተወሰነው የበሽታው ምልክት ለመታየት እስከዚያ ድረስ ሊዘገይ ስለሚችል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ በ5 ወይም በ6 ቀን ይታያል። አራት ሰው በሚተኛበት የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ 10 ቀን የቆየ ሰው አጠገብ ዛሬ የገባ ከተኛ፣ የመጀመሪያው 10 ቀን ሁሉ ተሰረዘ። በአንድ ቀን የገቡት በአንድ ክፍል፣ ከተቻለም በአንድ ፎቅ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት መሆን አለባቸው። ሌላ ቀን የመጣ ቢኖር ክፍሉ ባዶ አልጋ ይዞ ይቆይ።

ናሙናውም እንዲሁ ነው። ከአፍንጫና ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና በማጓጓዣ ፈሳሹ ውስጥ ሆኖ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፣ በዚያ ሁኔታ እስከ 72 ሰዓት ነው የሚቆየው። ከሩቅ ወረዳ ተነስቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ የበረዶ ጥቅሎቹ ከቀለጡ፣ ወይም መኪና በመከልከሉ አንድ ቀን ካደረ፣ ውጤቱ «ነጻ» ቢልም አያስተማምንም። የቫይረሱ ቅንጣት በሙቀት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላልና። ሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር፣ ሲወጣና ሲገባ ዲግሪው ይጻፍ። ስም ሲጻፍ ደግሞ በአንድ ወረዳ ስንት አበበ አለሙ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በሁለት ስም አይረካም፤ የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ ዕድሜና ስልክ ይጨመር። አለበለዚያ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይነገራል፣ ታማሚው ቤቱ ይገባል፣ ጤነኛው ይያዛል። ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሰው ላይ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ጠላት ነበር፦ ብዙ አገሮች ይጠይቁት የነበረው ናሙናው ከተሰጠ 72 ሰዓት ያላለፈው የምርመራ ወረቀት ነው፣ ቆጠራውም ውጤቱ ከወጣበት ሳይሆን ናሙናው ከተወሰደበት ደቂቃ ይጀምር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ቦሌ ድረስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው፣ ግማሽ ጭነት ባለበት ጊዜ ለመኪና ብቻ አንድ ቀን ይበላበት ነበር።

ስለ ቅጣቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አዋጁ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ይል ነበር። በዚህ መጠን የተራራቀ ቅጣት መንገድ ላይ ለቆመ አስከባሪ ሲሰጥ፣ የጥፋቱ ዓይነትና የብሩ ልክ በሠንጠረዥ ካልተለጠፈና ደረሰኝ ካልተቆረጠ ድርድር ይሆናል። አዋጁ ካበቃ በኋላ በ2013 የወጣው መመሪያ ቁጥር 30 ስብሰባን በ50 ሰው ወሰነ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅንም አዘዘ። በዚያው ዓመት የምርጫ ቅስቀሳና የድጋፍ ሰልፍ ሜዳ ሲሞላ ሕዝቡ በዓይኑ አየ። ለቅሶ ላይ አትሰብሰቡ የተባለ እድርተኛ ያን ካየ በኋላ «ሕዝቡ አልሰማም» ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

የመጨረሻው ነገር ምንም ብር የማይጠይቀው ነው፦ መስኮት። ግማሽ የጫነ አውቶቡስ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ በጮቄ ብርድ ከሄደ፣ ሙሉ ጭኖ መስኮቱን ከፍቶ ከሚሄደው ይሻላል ብሎ መናገር ያዳግታል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በሚያዝያ 2013 ቫይረሱ በተዘጋ ቤት አየር ላይ ቆይቶ እንደሚተላለፍ በግልጽ አስፍሯል። በእኛ መኪና ግን «መስኮት ይዘጋልን፣ ብርድ አለ» የሚለው ድምፅ ከየትኛውም ደንብ ይበልጣል፣ ብርዱም እውነት ነው። ስለዚህ ሁሉም ይከፈት ማለት አይሠራም። ከፊት በግራ አንድ፣ ከኋላ በቀኝ አንድ፣ አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ቢቆይ አየሩ መኪናውን አቋርጦ ይወጣል፤ ሕፃን የያዙትና አረጋውያን ከእነዚያ ሁለት መስኮቶች ርቀው ይቀመጡ፣ ጣሪያ ላይ መክፈቻ ያለውም ይከፈት። ችግሩ፣ ብዙ መኪኖች ላይ መስታወቱ በአቧራና በዝገት ሐዲዱ ላይ ደርቋል፣ መያዣው ተሰብሯል፣ አንዳንዱም በቡሎን ታስሯል። ለዓመታዊ ምርመራ የቀረበ መኪና ፍሬኑ፣ መብራቱና ጎማው ታይቶ ነው ቦሎ የሚለጠፍለት። የሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ እያንዳንዱ መስኮት በአንድ እጅ ተከፍቶ መዘጋቱ በዚያው የምርመራ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት፤ ያልተከፈተ መስኮት ያለው ቦሎ አይሰጠው። ይህን ለማድረግ ወረርሽኝ መጠበቅ አያስፈልግም፣ በዘንድሮው ምርመራ መጀመር ይቻላል።

ከትራንስፖርት ስምሪትና ከጤና ሙያ የተውጣጡ ጸሐፊዎች
ደብረ ማርቆስ