ፖስታ ቤታችን አይዘጋብን

ውድ አዘጋጅ፣

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የትንሿ ከተማችን ፖስታ ቤት ሊዘጋ ነው መባሉን ሰምቼ ሆዴ ባብቷል። አፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ደብዳቤ በበቅሎ ይሄድ ነበር። ዛሬ መኪናው ሞልቶ እኛ ጋ መድረስ እንዴት ይከብዳል?

የሣጥናችንን ቁልፍ ከአባቴ ከተረከብኩ 30 ዓመት አለፈኝ። እኛ ሰፈር ደብዳቤ ቤት ድረስ የሚያመጣ የለም። ቅርንጫፉ ከተዘጋ ሣጥኑም የለም ማለት ነው። ባለፈው ሰኔ ልጄ ከጅዳ የላከችልኝ ውክልና የደረሰኝ በዚሁ ሣጥን ነው። የሚፈለገው ማኅተም ያረፈበት ዋናው ወረቀት ነው፤ በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ አይሆንም።

ገቢው አንሶ ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈት። ቢያንስ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን! ከገጠር የሚመጣው ሰው ገበያውን ጨርሶ ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል።